አፈር ተሸካሚው

በማርስ ላይ ድንበር የሚለየው፣ እንደ ጥንቱ፣ አፈር በአናቱ ላይ ተሸክሞ በሚሄድ ተሸካሚ ነው። ተሸካሚው ግን ሰው ሳይሆን ባለ ስድስት እግር ማሽን ነው፤ ሰዎቹ አፈር ተሸካሚ ይሉታል። የሁለቱን ወገን ክርክር ሰምቶ፣ አሮጌ ካርታዎችን አገናዝቦ፣ አናቱ ላይ ባለው ትሪ አፈር ይዞ ይጓዛል። የረገጠው መስመር ወሰን ይሆናል።

ዛሬ ግን በሸንተርና በዳንገት ሰፈሮች መካከል ሲጓዝ ቆይቶ፣ የመጠጥ ውሃ ከሚወጣበት የበረዶ ጉድጓድ አጠገብ ቀጥ አለ።

የሸንተሯ ጥገና ባለሙያ ትርሲት መሣሪያዋን ይዛ ደረሰች። ከማዶ ደግሞ የዳንገቱ አቻዋ ዋቅቶላ መጣ። መጀመሪያ ‘እናንተ ነካክታችሁት ነው’ ተባባሉ። ማሽኑን ከፍተው ሲያዩት አንድም የተበላሸ ነገር የለውም።

ጊዜ አልነበራቸውም። የሰማይ ጋሻ ኅብረት መልክተኛ ፀሐይ ስትጠልቅ ትሄዳለች። ሰማይ ጋሻ የወራሪዎችን ሮኬት አየር ላይ የሚያከሽፍ የጋራ መከላከያ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሮኬት የሸንተርን ትምህርት ቤት ሲመታ፣ የትርሲት ልጅ ሶስና የአንድ ጆሮዋን መስማት አጣች። ኅብረቱ ግን ወሰኑ ያልለየለትን ሰፈር አይቀበልም። መልክተኛዋም ምክንያቷን አልደበቀችም፤ “ዛሬ ተቀብለናችሁ ነገ በጉድጓዱ ብትጣሉ፣ የእኛ ልጆች ለየትኛችሁ ይሙቱ?” ብላቸው ነበር።

“አልተበላሸሁም” አለ ማሽኑ። “እዚህ ቦታ ላይ የሁለታችሁም ማስረጃ እኩል ነው። እኩል ሲሆን ሕጉ መሐላ ይጠይቃል። ተሸካሚው ‘ብዋሽ ይህ አፈር ይብላኝ’ ይላል። እኔን አፈር አይበላኝም።”

ዋቅቶላ ጥቂት አሰበና፣ “አንቺ ተሸከሚው” አላት።

“ቀልድህን ነው?”

“እኔ ብሸከመው ሰፈርሽ በሙሉ ሌባ ይለኛል። ትምህርት ቤቱ የተመታ ቀን ልጅሽን አቅፈሽ ስትሮጪ አይቻለሁ። በእሷ ከማልሽ አምንሻለሁ።”

የሁለቱ ሰፈር ሽማግሌዎች በሬዲዮ ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ፣ ሌላ መንገድ ስላልነበረ፣ ተስማሙ። ትርሲት አፈሩን በከረጢት የራስ ቁሯ ላይ አሰረች፤ በሶስናም ማለች። ዋቅቶላ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። የማለን ሰው በዓይን መከተል ነውር ነው።

ጉድጓዱን በስተ ግራዋ አድርጋ ወደ ሸንተር በኩል ጥቂት እንደሄደች፣ ትናንት ነፋስ ከጠረገው አሸዋ ውስጥ የጥቁር ድንጋይ ጫፍ አየች። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የተከሉት የወሰን ድንጋይ ነበር። ወሰኑ በዚህ ካለፈ ጉድጓዱ የዳንገት ይሆናል። ከልጅነቷ ጀምሮ ‘የእኛ ነው’ ሲባል ሰምታ ያደገችበት፣ ሰፈሯ ውሃ በቧንቧ የሚስብበት ጉድጓድ።

እግሯን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ትንሽ አሸዋ ብትገፋበት ያበቃል። አፈሩ አናቷ ላይ ከበዳት። ሶስና ሰው ሲያናግራት ደህናውን ጆሮዋን ለመስጠት አንገቷን ስታዘነብል ታየቻት።

እግሯን አነሣች። ድንጋዩን በጓንቷ ጠርጋ አወጣችውና መስመሩን ይዛ እስከ ዳር ሄደች። ከዚያ ዋቅቶላን ጠራችው።

ዋቅቶላ ተንበርክኮ ድንጋዩን በጓንቱ ዳሰሰው። “ቧንቧችሁን ከጉድጓዱ እንዳትነቅሉት” አላት። “የምትተዉትን ቀዳዳ ማን ሊደፍንልን ነው?”

መልክተኛዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረመች። ትርሲት ከረጢቱን ፈትታ አፈሩን ትሪው ላይ ልትመልስ ስትል ማሽኑ ጠየቃት።

“ድንጋዩን ብትሸፍኚው ማን ያውቅ ነበር?”

“ማንም።”

ማሽኑ ስድስቱን እግሮቹን አጥፎ ቁጭ አለ።

“እንግዲያው አፈሩን ወደ እኔ አትመልሺው” አላት።