የታጠበው እንስራ

የግራዋ ሽታ ነበረው። ማኅሌት ሽታውን ልብ ያለችው ግን ዘግይታ፣ እንስራውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ውስጡን ስታይ ነው፤ ትናንት በቂጡ ተጣብቆ የነበረው ጥቁር ዝቃጭ የለም።

ጊዜው ሚያዝያ ፳፻፲፪ ዓ.ም. ነበር፤ ወረርሽኙ እንግዳውን አስቀርቶ የላሊበላን ሆቴሎች ዘግቷል። ማኅሌት ሠላሳ ዓመት በሜዲትራኒያን ዳርቻ የጥንት ግሪኮችን የወይን ዕቃ ስትቆፍርና ስትመረምር ኖራ፣ እናቷ ቤት ተጠልላለች። በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ካለች አንዲት ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የተዋሰችው ይህ እንስራ የሮድስ ደሴት ሥራ ይመስላል፤ ከባሕር ማዶ ወይን ይዞ ላስታ መድረሱን የሚመሰክረው ግን ያ ዝቃጭ ብቻ ነበር።

«እናቴ፣ ይህን ምን አደረጉት?»

«አጠብኩት» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቆሽሾ ይመለሳል እንዴ? እንደ ጠላ ጋን፣ ግራዋ በእንጨት ጫፍ አስሬ ሦስት ጊዜ ፈተግሁት።» የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ድምፃቸው ወረደ። «ምነው? ሰነጠቅሁት?»

«አልሰነጠቁትም። የምመረምረው እድፉን ነበር።»

«በቃ፣ ገበዙ መምሬ ኢያቄም ይገዝቱኛል። አንቺም ዳግመኛ አትመጪልኝም።»

ማኅሌት ልጅ ሳለች፣ ማኅበር ደርሶ የጠላ ጋን ሲታጠብ የእናቷ ክንድ በጋኑ አንገት ስለማያልፍ፣ የእሷን ትንሽ ክንድ እየሰደዱ «የት ጋ ይሻክራል?» ይሏት ነበር፤ ሮድስ ላይ መምህሮቿ ያደነቁት የጣቷ ዕውቀት ከዚያ የመጣ ነው። ዝቃጩን ትናንት ፎቶግራፍ አንስታዋለች፤ በሌላ ዕቃ እድፍ ብትተካው ማንም አያውቅም ነበር። ግን አላደረገችውም።

አመሻሽ ላይ እንስራውን ይዘው ወደ ዋሻዋ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ወይዘሮ የሻረግ ገበዙን ገና ሲያዩ፣ «መምሬ ይፍቱኝ፤ የልጄን ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ቆሽሾ ሄዶ ነጽቶ መጣ» አሉ መምሬ ኢያቄም። «ለዚህ ንስሐ ከሰጠሁ፣ ማጠብ ለሚያስጠላቸው ዲያቆናት ምን ልሰጥ ነው?»

ወይዘሮ የሻረግ አልሳቁም፤ የልጃቸውን ፊት ያያሉ።

«ክረምቱን እዚሁ ነኝ፣ እናቴ» አለች ማኅሌት።

በኋላ በላከችው ዘገባ የሰፈረው «ዝቃጩ ከምርመራ በፊት ታጥቧል፤ ምንጩ አልተረጋገጠም» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ማን እንዳጠበው አልጻፈችም። ታሪክም ከዚያች ሚያዝያ ያስቀረው ይህንኑ ነው፤ ጋንና እንስራ ስላጠቡት ክንዶች የጠየቀ የለም።

ያን ዕለት ማታ መምሬ ኢያቄም እንስራውን ከመደቡ አኖሩ፤ የዕቃ ቤቱን በር ገጥመው ቆለፉ።