የፎቁ ማኅበርተኞች

መንፈስ፣ ጥላ፣ ዛር የሚባል ነገር ሲወራ ጥዬ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ፋርማሲ ነው የምሠራው፣ "ቡዳ በልቶኝ ነው" ለሚለኝ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ስሰጥ ነው የምውለው፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም እስቅበት ነበር። የማልስቀው በራሴ ስለ ደረሰ ነው፣ ደግሞም ከፍርሃቱ ይልቅ እስካሁን ያልለቀቀኝ ንዴቱ ነው፣ እመኑኝ፣ ያንን ቤት ያከራየኝን ሰውዬ መንገድ ላይ ሳየው ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደብረ ወርቅ አጠገብ ባለው ቤቷ ብቻዋን ነበረች፣ ባለፈው ክረምት ጓሮ ወድቃ፣ ጎረቤት ድምፅዋን እስኪሰማ ድረስ ዝናብ ሲወርድባት ቆይታለች፣ እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ስልኳ ባልተነሣ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ነይ ስላት "ከተማ ምን ሰው አለበት፣ ሁሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚበላ" ትለኛለች። በስንት ልመና "እስኪ አንድ ወር ልየው፣ ካልለመድሁ ግን ትመልሽኛለሽ" አለች። ይህችን አንድ ወር ለማሸነፍ ስል ነው እንግዲህ አቅሜን ረስቼ ያንን ቤት የተከራየሁት።

ደላላው በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ ሥር "ሙሉ ዕቃ የተሟላለት ቅንጡ ሎፍት፣ በታሪካዊው ሰፈር" ይላል። ሎፍት የሚለው ከድሮው ቤተ መንግሥት ወረድ ብሎ ያለ፣ የድንጋይና የእንጨት አሮጌ ፎቅ ነው፣ ባለ ቤቱ ምድሩን ለሱቅ ብሎ ቆልፎታል፣ ላዩን አድሶ ነጭ ሶፋና ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አስገብቶበታል፣ የጣውላው ወለልና ጠባቡ ደረጃ ግን "ታሪክ ነው" ተብሎ እንደ ነበረ ቀርቷል፣ ሲረገጥ ያቃስታል። ከዚህ በፊት ማን ነበረበት ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ "ሰው ኖሮበት አያውቅም፣ እህል ማስቀመጫ ነበር" አለኝ። ይህን ውሸት ልብ በሉልኝ።

እናቴ ደረጃውን ስታይ "እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ልታወጭኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ነጭ ነገር ላይ መቀመጥ ያሳቅቀኛል ብላ ሶፋውን ትታ ጥግ ላይ አጎዛዋን ዘረጋች። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ፈራሁት ከፍቷት ነበር፣ ከመስኮት መስኮት ትላለች፣ "ጎረቤቱ የት ነው?" ትለኛለች። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ጀመረ፣ አመሻሽ ላይ ደረጃው ያቃስታል፣ ከዘራ ኳ ኳ ይላል፣ ወጥቼ ሳይ ማንም የለም፣ አሮጌ እንጨት ሲበርደው ይጮሃል ብዬ ተውሁት። ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይሸታል፣ አንዱ ጎረቤት ይጠምቅ ይሆናል አልሁ። አንድ ቀን ስገባ እናቴ ወደ ባዶው ሶፋ ዞር ብላ "እግርዎ እንዴት ዋለ?" ስትል ሰማኋት፣ ከማን ጋር ነው ስላት "ከማንም" አለችኝ፣ ያን ጊዜ ደነገጥሁ፣ መንፈስ ፈርቼ አይደለም፣ እርጅና አእምሮዋን እየነካው መስሎኝ ነው፣ ደም ግፊቷን ለካሁ፣ ደኅና ነው።

የሚካኤል ለት ነው፣ ቅዳሜ። መብራት ጠፍቷል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሥራ መጣሁ፣ የታችኛውን በር ስከፍት ከላይ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ የሽማግሌ ሳል፣ የዋንጫ መጋጨት፣ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት በአንድ ላይ። ባለ ቤቱ መለዋወጫ ቁልፍ አለው፣ ዘመዶቹን ሰብስቦ እናቴ ላይ ደግሷል ብዬ ደሜ ፈላ፣ ዛሬስ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ ብዬ ደረጃውን ተያያዝሁት። እኩሌታው ላይ ስደርስ የላዩ በር ተከፍቶ ሰዎች መውረድ ጀመሩ። በደንብ ስሙኝ፣ ያየሁት ሰው የለም። ነገር ግን ደረጃው በየተራ አቃሰተ፣ ነጠላ ክንዴን ነካኝ፣ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ጆሮዬ ሥር "አሳልፊኝ ልጄ፣ እግሬን ያመኛል" አለኝ፣ እኔም ለታላቅ መንገድ ልቀቂ ተብዬ ያደግሁ ነኝና ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ "ደኅና እደሩ" አልሁ። ለማን እንዳልሁ የገባኝ ሁሉም አልፈው የታችኛው በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

እየተንጠለጠልሁ ወጣሁ። እናቴ ብቻዋን ቆማለች፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። ሁለት ሰው የማያነቃንቀው ሶፋ ግድግዳው ሥር ተገፍቷል፣ ወለሉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ፣ እሷ በሁለት እጇ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ጽዋ ይዛለች።

"ተቀበልሁ" አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ።

"ምኑን?"

"የማኅበሩን ጽዋ ነዋ። ባለተራዋ ተቀባይ አጥተው እንዲሁ እንደያዙት ቆይተዋል፣ አያሳዝኑም? የሚመጣውን ወር እኔ ነኝ የማወጣ።"

"እማ፣ እነማን ናቸው?"

"ማኅበርተኞች። በሚካኤል ስም ጽዋ ሲሰጡሽ ማን ናችሁ ትያለሽ?"

ይኸውላችሁ፣ የአገሬን ሰው የሚያስበላው ይህ ነው፣ በመልአክ ስም የተዘረጋ እጅ አይመልስም።

በማግሥቱ ባለ ቤቱን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቄ ያዝሁት። እርስዎ ማለቴን ያን ለት ተውሁ፣ ሰው ፊት ነው የጮኽሁበት፣ አላፈርሁም። ስጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ተቀበሉ?" አለኝ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተንፍሶ።

"ታውቅ ነበር ማለት ነው።"

"እናቴ ማኅበሩን እዚያ ፎቅ ላይ ነበር የምታወጣው፣ ጽዋውን እንደያዘች ሞተች። ማኅበርተኞቹም አንድ ባንድ አለቁ። ቦታው በልጅ ይተካል፣ ተረከብ አሉኝ፣ እምቢ አልሁ።"

"አልቀዋል እያልኸኝ ማነው ተረከብ ያለህ?"

ጥያቄዬን አለፈው። መሬት መሬት እያየ፣ "ካንቺ በፊት የተከራዩት ሁሉ ሳይሰነብቱ ነው የወጡት፣ አንቺ ለእናቴ ነው ስትይኝ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወጉን ያውቁታል ብዬ..." አለ፣ አልጨረሰውም። የገዛ እናቱን አደራ ከራሱ ጫንቃ አውርዶ እናቴ ላይ ሊጭን፣ ወጥመዱን በሶፋና በቴሌቪዥን አስውቦ አከራየኝ! እግዜር ይይልህ አልሁት፣ ከዚህ የባሰም ብያለሁ፣ እዚህ አይጻፍም።

ወደ ቤት ሮጬ ዕቃ ልሸክፍ ስል እናቴ ተቆጣች፣ "ጽዋ ይዤ ወዴት? ተራዬን ሳላወጣ?" አለች። ተራዋንም አወጣች፣ ያን ለት እኔን "አንቺ ሥራሽ ሂጂ" ብላ አባረረችኝ፣ ስመለስ የጠላው እንስራ ተሟጧል፣ ዳቦው አልቋል፣ ጽዋውም የለም፣ ማን እንደ ወሰደው አልጠየቅሁም። ወሩ አልቋል፣ ልመልስሽ ስላት "ለምን? ለመድሁ እኮ" አለችኝ።

ይኸው እንደ ተመኘሁት አብራኝ አለች፣ ሥጋ ገዝታለች፣ ትስቃለች፣ ሰው ቢሰማ ምን ጎደለሽ ይለኛል። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሥር ሆኜ ስትጫወት እሰማታለሁ፣ የልጅነቴን ወሬ ሳይቀር ታወራለች፣ ሰዎች ይስቃሉ፣ በሩን ስከፍት ጸጥ ይላል። እናቴን ከብቸኝነት ላወጣ ብዬ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንሁ፣ ይህም ያናድደኛል፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ እቀናለሁ።

ትናንት ራት ስንበላ፣ እንደ ዘበት፣ "ካንቺ በኋላ ቦታሽ በማን ይተካል ብለው ጠየቁኝ" አለች።

እጄን ከመሶቡ መለስሁ። "ምን አልሻቸው?"

"ምን እላለሁ፣ ልጅ አለችኝ አልኋቸው" አለች። "ደስ አላቸው።"