መጀመሪያ የታየው ቤት

ክረምቱ ወጥቶ የወንዙ ውሃ በጠራበት ወር፣ ባቡር ገና ወደ ከተማይቱ ባልደረሰበት ዘመን፣ ከጦር ሰፈር የተመለሱ መኮንኖች በአገረ ገዥው ግቢ ሰፍረው ነበር፤ የቆሸሸ ልብሳቸውም በቅርጫት ተጭኖ ወደ አጣቢዋ ቤት ወረደ። አጣቢዋ ወላጆቿ ካረፉ በኋላ ታናሽ ወንድሟን በሳሙና በተላጠ እጇ አሳድጋ ለሐኪምነት ያበቃች ሴት ነበረች፤ እርሱም አሁን የከተማይቱ ዋና ሐኪም ሆኖ፣ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ያነሣለታል።

ልብሱን ከቅርጫት እያወጣ የለየው ባሏ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣለው፤ ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ይቃዥም ጀመር። አጣቢዋ ጎረቤት ሳይሰማ ወንድሟን ጠርታ አመጣች።

«ተስቦ ነው» አለ ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ። «በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ነው፤ ሌላ ቤት ሳይገባ መነገር አለበት።»

«ስማችን ይጠፋል፣ ወንድሜ።»

«እኔ እያለሁ? በእኔ ጣይው፣ እትዬ።»

አመነችው። በማግስቱ ዘበኞች ደጇን ዘጉ፤ አዋጅ ነጋሪውም በገበያው መካከል ቆሞ፣ ወረርሽኙ መጀመሪያ የታየው በአጣቢዋ ቤት መሆኑን አስታወቀ። ሕዝቡ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ «በሽታውን ያመጣችብን እሷ ናት» ተባለ። ድንጋይ መስኮቷን ሰብሮ ገባ፤ ባሏም ስብርባሪው ሳይጠረግ ሞተ፤ የሚቀብር ጠፍቶ ዘበኞቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ወሰዱት።

ከተዘጋባት ቤት ስትለቀቅ ወንድሟን ፍለጋ ወደ ገዥው ግቢ ሄደች። ሽማግሌው በረኛ አዘነላት።

«አይዞሽ፤ እኛም ከመኮንኖቹ አንዱን፣ የገዥውን የወንድም ልጅ፣ በዚሁ ትኩሳት ቀብረናል፤ ያንቺ ባል ገና ሳይታመም። ሐኪሙ ወንድምሽ አይደል ያስታመመው? ምስኪን፣ ያልሞከረው ነገር የለም።»

በረኛውን አልፋ ገባች። ሐኪሙን መተላለፊያው ላይ አገኘችው።

«የሟቹ ልብስ ወደ ቤቴ ሲላክ ታውቅ ነበር?»

ሊያልፋት ሲል መንገዱን ዘጋችበት።

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«እትዬ፣ እኔ መጀመሪያ የታየው አልኩ እንጂ መጀመሪያ የታመመው አላልኩም። በሕክምና ሁለቱ ይለያያሉ፤ ታየ የሚባለው መዝገብ የገባው ነው። የእርሱ ቤት ስም እንዳይነሣ ገዥው አዘዘኝ፤ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ልዩነቱን ለሕዝቡ ንገረዋ።»

«አልችልም።»

«ለእኔስ? ልብሱን እንዳትነኩ ማለት አቃተህ?»

ሐኪሙ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ ተመለከተ፤ ያየው ሰዓት ግን አልነበረም። እሷም በልጅነቱ ይዛ ፊደል ያስጻፈችውን ያን እጅ ጥቂት አየችና ጥላው ወጣች። በገበያው ቆማ እውነቱን ብትናገርም ሰው አፉን እየሸፈነ ሸሻት፤ ከዚያ በኋላ በከተማይቱ ያያት የለም።

ወረርሽኙ ሲበርድ ሐኪሙ ተሾመ፤ ተሸለመም። የገዥው የወንድም ልጅ በጦር ሜዳ ቁስል እንደሞተ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎችም መጀመሪያ የታየውን መጀመሪያ የታመመው አድርገው ተቀበሉ፤ ያን መከራ እስከ ዛሬ «የአጣቢዋ ተስቦ» ይሉታል። የባሏን መቃብር ግን የጠየቀ የለም።