ግንዱ በወረደ ዕለት የጮኸው ጅራፍ

ከምጽፈው አንዲት ቃል ብትዋሽ ምላሴ እንደ ጠፍር ይድረቅ። ከተማው ገና እንጦጦ ራስ ላይ ሳለ ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚሆን ጽድ ተቆረጠ፤ በጀርባው ላይ ፈረሰኛ ጋልቦ የሚመለስበት ግንድ ነው። አንድ ጠዋት የሥራው ሹም ወልደ ኢየሱስ ከግንዱ ሥር ተጨፍልቆ ተገኘ። ከደረቱ በላይ የቀረ ነገር ቢኖር በደም የራሰ ጥምጥሙ ነው።

የሟች ወንድም «ገዳዩ እሱ ነው» ብሎ ዱቤን ከዛፍ ጋር አሰረው። ዱቤ ግንዱን በገመድ የሚስቡት የሁለት መቶ ጎታቾች ዘፈን አውጪ ነበር። ሹሙ «ዘፈናችሁ እኔን ይሰድባል» ብሎ ዜማውን ሲከለክል፣ በጅራፉ እጀታ የዱቤን የፊት ጥርሶች አራግፎ ነበር። ዱቤም ደሙን እየተፋ «ይኸው ግንድ ይጫንህ» ብሎታል። ወንድምየው ገዳዩን አስተኝቶ ያንኑ ግንድ ሊያንከባልልበት ማለ።

አጣሪው ባሻ አካሉ በበቅሎ ደረሱ። ከቀበና ማዶ ያለችን ቅማል ወንድ ትሁን ሴት የሚለዩ ሰው ናቸው፤ እኔ ምንም አልጨመርኩም። አስከሬኑን ቢያገላብጡ የሹሙ ጅራፍ ወገቡ ላይ እንደተጠቀለለ ነው፤ እጁ ግን የገመዱን ቋጠሮ ጨብጧል።

ሁለት መቶውን ጎታች ለየብቻ ጠየቁ። የሁሉም ቃል አንድ ሆነ፦ ጀርባችንን ለግንዱ ሰጥተን ቆመን ሳለ ጅራፍ ጮኸ፤ ሳብን።

«ዞር ብላችሁ አታዩም?» አሉት ሽማግሌውን ሰቦቃን።

«የዞረ ሰው ጆሮው ይቆረጣል፣ ጌታዬ» አለና የቀረችለትን አንዷን አሳያቸው።

የሹሙ ረዳት ገብረ ክርስቶስ ከግንዱ በላይ ዳገቱ ላይ ቆሞ እንደነበር አልካደም።

«ጅራፍህስ?»

«በእጄ ነበር፤ ግን አላጮህኩትም።»

ባሻ አካሉ ሁሉንም ግንዱ ዙሪያ ሰበሰቡ።

«ዘፈን አውጪ ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ነው የሚቆመው። ከግንዱ ፊት ሰው ካየ ዜማውን ይቆርጣል፤ ጎታቹም ይቆማል። ያን ዓይን ሟች ራሱ አጠፋው። በምትኩ ሰዉን እንደ በሬ ገራው፤ ጅራፍ ሲጮህ ሳብ፣ አትይ፣ አትጠይቅ። ዛሬ ቋጠሮ ሊያጠብቅ ከግንዱ ፊት ጎነበሰ። ጅራፍ ጮኸ። የእሱ ጅራፍ ወገቡ ላይ ነው። ሌላ ጅራፍ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ሹመቱንም የሚወርሰው እሱ ነው።»

ወንድምየው ገብረ ክርስቶስን በጠመንጃው ሰደፍ መንጋጋው ላይ መታው። የአጥንቱ ስብራት ድምፅ መንዝ ድረስ ተሰምቷል። ዱቤ ተፈታ፤ ገብረ ክርስቶስ እጅ እግሩ ታስሮ ከግንዱ ፊት ተጋደመ። መንጋጋው ተሰብሯልና ሊናገር ቢሞክር ደም ብቻ ወጣው።

ባሻ አካሉ በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ሰቦቃ ቀስ ብሎ ልጓሙን ያዘ።

«ጌታዬ፣ ጅራፍ አልጮኸም።»

«ምን አልክ?»

«ዞረን አይተነዋል። ጎንብሶ ነበር። ማንም አላዘዘንም።» መዳፉን አየ። «ዘፈኑ ከተከለከለ ወዲህ እኩል የሳብነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።»