በጥያቄ ብቻ

ሰውየውን የጠላሁት ባየሁት ቀን ነው። እኔ ሰው ለመጥላት ጊዜ አይወስድብኝም።

ሥራዬ ኮቺንግ ነው። ሱቅ ወይም ትንሽ ድርጅት የሚመሩ ሰዎች ይመጡና ከሠራተኛ ወይ ከደንበኛ ጋር የተጣሉበትን ነገር አብረን እናፍታታለን። ኮች መልስ አይሰጥም፤ ይጠይቃል። ሰው የሚይዘው ራሱ ያገኘውን መልስ ነውና። ይህን ለማስረዳት ስንት ምራቅ እንደጨረስኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

እሱ አናጢ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ ያለው የቤት ዕቃ መሥሪያ ባለቤት። ሰዎችን ሰብስቤ በማሠለጥንበት አዳራሽ፣ እጅጌው ላይ ሰጋቱራ እንደያዘ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠና እጁን አነሣ።

«ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ይሠራል። ትእዛዜን አይሰማም። ላባርረው ወይስ ልታገሰው?»

«ወንድምዎ ምን ይላል?» አልኩት።

«እኔ ነኝ የምጠይቀው!»

«እሱን ጠይቀውት ያውቃሉ?»

ብድግ አለ። «ሰዎች! ይቺ ሴትዮ እኮ የራሳችንን ጥያቄ ጠቅልላ መልሳ ትሸጥልናለች! አንቺ፣ መልሱን ካላወቅሽው አላውቅም በይና እንገላገል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ወጣ፤ አራት ሰዎች ተከትለውት ወጡ።

የዚያን ቀን ትምህርት ምን እንደነበር ልንገራችሁ? «ከአስቸጋሪ ደንበኛ ጋር ሲጋጩ»። ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ሰውየውን አስጨርሶ መስማት፣ ነገሩን ወደ ልብ አለማስገባት። ከመጨረሻው በቀር ሁሉንም አደረግኩ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ሊመዘገቡ ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ስልክ ማንሣት አቆሙ። ስሜ ካለቀ ሥራዬም አለቀ ማለት ነው፤ የኔ ሥራ ከስሜ ሌላ ዕቃ የለውም። እንግዳ የምትቀበልልኝ ታላቅ እህቴ፣ «ደንበኛ ነው እታለም፣ ዋጥ አድርጊው» ትለኛለች። እኔ ግን በሐሳቤ ስበቀለው እውላለሁ። ሰው በሞላበት አቆመዋለሁ፤ ሁሉም እያየው አንገቱን አስደፋዋለሁ። ከዚያ ሻይዬን እጠጣለሁ።

ከወራት በኋላ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«ወንድሜ ጥሎኝ ሄደ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው እንደማላውቅ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው። እባክዎ ያስተምሩኝ።»

እርስዎ አለኝ። እኔም ሆን ብዬ አንተ አልኩት።

«አስተምርሃለሁ። መጀመሪያ አስከትለህ የወጣሃቸውን አራት ሰዎች መልሰህ ታመጣለህ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ከጥያቄ በቀር ምንም አትናገርም።»

ለሌላው ሰልጣኝ ይቺ የአንድ ከሰዓት ልምምድ ናት። ለሱ ግን ከክፋቴ የተነሣ ለሥልጠናው ጊዜ በሙሉ ሰጠሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ እንደሚያምሩ ያን ጊዜ አየሁ፤ ይሄም አናደደኝ።

«ካሁን ጀምሮ ነው?» አለ። እህቴ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው።

አራቱን በየቤታቸው ሄዶ ለምኖ አመጣቸው። ከዚያ ስቃዩ ጀመረ። ሲጠማው «ውኃ ይኖር ይሆን?» ሲያረፍድ «ታክሲ ጠፍቶ ነው ብልዎት ያምኑኛል?» ሰዉ በሳቅ ይሞታል። ስቃዩን ቁጭ ብዬ እያየሁ ልደሰት ስጠብቅ፣ ጭራሽ ሁሉም ወደደው። አንድ ቀን ወንድሙን አስከትሎ መጣ። እንዴት እንደታረቁ ስጠይቅ ወንድምየው መለሰልኝ።

«‹ምን አስከፋህ?› አለኝና ዝም አለ። ከተወለድኩ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። ደንግጬ ሁሉን ነገርኩት።»

ያን ቀን ሰዉ ሲወጣ አናጢው ወንበር ለመደርደር ቀረ።

«ያን ጊዜ ሰዉ ሲስቅብሽ» አለኝ፣ «እንዴት ሆነሽ ቤት ገባሽ?»

እንደገና አንቺ አለኝ፤ አሁን ግን አልከፋኝም። ቀኑን ሙሉ ሰው ስጠይቅ የምውል ሴት፣ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እህቴም ብትሆን። ዞር ብዬ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ መጥረግ ጀመርኩ። እሱ ጠበቀኝ።

«በእግሬ» አልኩት። «ታክሲ ውስጥ ሳለቅስ ሰው እንዳያየኝ።»

ይቅርታ አላለም፤ ደንቡ አይፈቅድለትም። ፊቱ ግን ብሎ ጨረሰው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ሰፈሬ ይሸኘኝ ጀመር። ደንቡ ለአዳራሽ ነበር፣ እሱ መንገድም ላይ ጠበቀው። ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። ደጃፌ ስንደርስም አንለያይም። በግልጽ ልናገር፤ ወደድኩት። ቂሜ ግን ንቅንቅ አላለም። ፍቅሩና ቂሙ አንድ ልብ ተከራይተው በሰላም ይኖሩ ነበር።

የመጨረሻው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። አራቱም አሉ፣ ወንድሙም አለ። አናጢው ከወንበሩ ተነሣ።

«ታገቢኛለሽ?»

በሐሳቤ ስንት ጊዜ ያቆምኩት ሰው በሰው ፊት ቆሟል፤ የሚሆነውም በኔ አንድ ቃል ነው። ዓይኖቹ ዓይኖቼን ያዙ። ምን እያሰብኩ እንደሆነ የገባው መሰለኝ፤ ግን አልተቀመጠም።

«አይሆንም» አልኩት።

ጆሮው ድረስ ቀላ። ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም። ወንድሙ እጁን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ግን ዓይኔን ከነሱ አነሣሁ። እህቴ ስትወጣ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አንቺ ድንጋይ!»

ሁሉም ሄደ። አናጢው አልሄደም፤ ወንበር ይደረድራል።

«አሁን እኩል ሆንን?» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ሆንን» አልኩት። «እንግዲህ ደግመህ ጠይቀኝ።»

የያዘውን ወንበር አስቀመጠ። እጁን አራገፈ። ሥልጠናው አልቋል፤ ደንቡም አብሮ አልቋል።

«ነገ እጠይቅሻለሁ» አለና ወጣ።

ከዚያ ሁሉ ጥያቄ በኋላ የነገረኝ ነገር ይሄ ነው! እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። «እሰይ! ደግ አደረገሽ» አለች እህቴ።

የአዳራሹ ጥበቃ በሩን ሳይከፍት ደረስኩ። አናጢው ቀድሞኝ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«እሺ» አልኩት፣ ገና ሳይጠይቀኝ።