አሥራ ዘጠኝ የጭስ ቀናት

«ጎሚስታ ቤቱ አሥራ ዘጠኙንም ቀን ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር ይላል» አለች የድጎማ ቢሮው ሠራተኛ፣ የታብሌቷን ገጽ በጣቷ እየገፋች። «ትክክል ነው?»

የጎሚስታው ልጅ ወደ በሩ አየች። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅጹን በስልኳ ስትሞላ ጣቷን ማሳረፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አሁን ግን ፊት ለፊቷ ሰው ቆሟል፤ ያውም ከጠዋት ጀምሮ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር የዋለች፣ ጫማዋ አመድ በአመድ የሆነ፣ ደከም ያለች ሴት።

«አባቴ ብሎን ሊገዛ ሄዶ ነው፤ አሁን ይመጣል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰደድ እሳቱ ጫካውን ሲበላ የተራራው መንገድ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። መኪና ካላለፈ ጎማ አይፈነዳም፤ ጎማ ካልፈነዳ ደግሞ ጎሚስታ ምን ይሠራል? መንግሥትም በዚያ ሰሞን ሥራቸው ሙሉ በሙሉ ለቆመ ድርጅቶች ድጎማ እሰጣለሁ አለ።

የአባቷ ሥራ ግን አልቆመም ነበር። በመንገዱ እንዲያልፉ የተፈቀደላቸው የእሳት ማጥፊያ የውሃ ቦቴዎች ብቻ ነበሩ፤ በጋለ ድንጋይ ላይ ሲመላለሱ ጎማቸው ይተለተላል። አባቷ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ አሥራ ዘጠኙንም ቀን ሲለጥፍላቸው ከረመ። ከአንዳቸውም አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር አመዱን ሲስብ ሰንብቶ በመጨረሻ ጭጭ አለ። ሌላ የሚገዛበት ድጎማ ካልመጣ አባቷ ሰኞ ከተማ ወርዶ በሰው ጋራዥ ሊቀጠር፣ እሷም አክስቷ ዘንድ ልትገባ ተነጋግረው ጨርሰዋል። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ አንድ ቀን እንኳ ተለያይተው አያውቁም።

ቅጹን ስትሞላ አባቷ «የሆነውን ጻፊ» ነበር ያላት። እሷ ግን መጀመሪያ ለክፍል ጓደኛዋ አሳየቻት።

«ተዘግቶ ነበር በያ! ፋራ አትሁኚ» አለቻት ጓደኛዋ። «ብር ካልተቀበለ እኮ ሥራ አይባልም።»

ነገሩ እውነት እውነት ሸተታት። ለአባቷ ትንፍሽ ሳትል ላከችው።

አባቷ ብሎኖቹን በወረቀት ጠቅልሎ ሲገባ እንግዳዋን አይቶ ፊቱ በራ። «እንኳን ደህና መጡ! ቆመው ነው እንዴ የጠበቁኝ?» ብሎ ከጎማ ክምር ላይ ካርቶን አነጠፈላት። ገና ሳይጠየቅ ወሬውን ጀመረ።

«ያን ሰሞን ቢያዩን ጉድ ይሉ ነበር። አንዱ ቦቴ ጎማው እየጨሰ መጣ። በባልዲ ውሃ ካልደፋንበት በቀር እጅ አያስነካም! ሾፌሩ ደግሞ የሰው ቤት ሊቃጠል ነው ፍጠን ይለኛል፣ እኔ ክሪኩን…»

ልጅቷ አባቷን በእንዲህ ያለ ደስታ ሲያወራ ካየችው ቆይታለች። ሌላ ቀን ቢሆን እሷም ትስቅ ነበር።

ሠራተኛዋ ግን ጣቷን አቆመች። «ይቅርታ፣ ያን ጊዜ ይሠሩ ነበር እንዴ? እዚህ እኮ ተዘግቶ ነበር ነው የሚለው።»

አባቷ ታብሌቱን አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባት አይደል፣ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም።

«የለም፣ የለም» አለ። «ወሬ አበዛሁ መሰለኝ። ሌላ ጎሚስታ ያጫወተኝን ነው የማወራልዎት። እኛስ ዘግተን ነበር።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ንጹሕ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ይህ ሰው ያረጀ ጎማ ይዞ ለመጣ ደንበኛ እንኳ «ገና ያገለግልሃል» ብሎ ዋሽቶ አያውቅም። አሁን ለእሷ ሲል ያን ሁሉ ልፋቱን ለሌላ ሰው ሰጠው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለች ሠራተኛዋ።

«አባዬ፣ እንዳትፈርም።» ድምጿ ለራሷም ጮኸባት። «እትዬ፣ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም። አንድም ቀን አልዘጋም።»

«ተዪ ልጄ» አለ አባቷ በቀስታ።

ሠራተኛዋ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። «ይኼን ካስተካከልኩ ማመልከቻው ከዚህ ዙር ይወጣል» አለች። «ሲሠሩ ለነበሩት ሌላ ዙር ይኖራል ይባላል፤ መቼ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። እርግጠኛ ነሽ?»

ለሰኞ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ልጅቷ የአክስቷን ቤት አሰበች፤ አባቷ ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚያድርበትን ክፍልም አሰበች። ዕንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

«እርግጠኛ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ የዚያን ቦቴ ነገር አልጨረስክም እኮ። ንገራቸው እስኪ።»