ማታ ማታ የሚቆረጠው መስመር

መሓሪ ደበሳይ ከቤታቸው ጓሮ፣ በዝናብ በራሰው ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። በቀኝ እጁ ፒንሳ ጨብጧል። መሰላሉ ከአጠገቡ ተጋድሟል። የወደቀው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው አሮጌ ፎቅ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ነበር። ከሥራ ስትመለስ አስከሬኑን ያየችው እህቱ ዳናይት ናት፤ ጩኸቷ ሠፈሩን አሰባሰበው።

ጎረቤቱ ሁሉ «አዳልጦት ነው» አለ። ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ለተክርስቶስም እንዳዳለጠው አልተጠራጠረችም። ያልገባት ሌላ ነገር ነው። ሰው በዚያ ዝናብ፣ ሊመሽ ሲል፣ ምን ፍለጋ ጣሪያ ላይ ይወጣል?

ከቀብሩ ማግስት ዳናይትን ለብቻዋ አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«ስትገቢ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት ነበር?»

«በዚያ ሰዓት ስለ ኢንተርኔት ማን ያስባል?» ዳናይት ተቆጣች። ከዚያ ግን አስታወሰች። «ነበር። የግቢውን በር ስከፍት ስልኬ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ መልእክቶች ይንጫጩ ጀመር። እነሱን እያነበብኩ ነው ወደ ጓሮ የዞርኩት።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ለተክርስቶስ አላጣደፈቻትም። መጠየቅና መጠበቅ ልማዷ ነው።

ቀጥሎ የመሓሪ አብሮ አደግ አማኑ ቀረበ። ሁለቱ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር በኢንተርኔት የሚጫወት ቡድን ነበራቸው። መሓሪ በሞተበት ምሽት የሚደረገው ግጥሚያ ለፍጻሜው ውድድር የሚያሳልፋቸው ነበር።

«የሱ ኔት ግራ ያጋባል፣ ኢንስፔክተር» አለ አማኑ። «ቀን ቀን እሳት ነው። ሲመሽ ድርግም! ጨዋታው መሃል ላይ ይጥለናል። ያልሞከረው የለም። ራውተሩን አጥፍቶ አበራ፣ ዋይፋዩን ትቶ በገመድ አገናኘ፣ ጌሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። የመስመር ሠራተኞችም መጥተው ‹ምንም የለውም› ብለው ሄዱ።»

«ቡድኑ ምን አለ?»

«በሌላ ሰው ልንተካው ነበር። የነገርኩትም እኔ ነኝ።» አንገቱን ደፋ። «የዚያን ቀን ደወለልኝ። ‹እምሩ የጣሪያው ገመድ ነው ብሎኛል፣ ወጥቼ ልየው ነው› አለኝ። ‹ቶሎ በል› አልኩት። ሌላ ነገር አላልኩትም።»

እምሩ በግቢው ሰርቪስ ቤት የሚኖር ተከራይ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለ ሱቅ ኮምፒውተር ይጠግናል። መስመሩን ከቤተሰቡ ጋር ይጋራል፤ ከመሓሪ ጋርም በዚሁ ሰበብ ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቀዋል። ሠፈሩ በሹክሹክታ ጣቱን የቀሰረው በእሱ ላይ ነበር።

«ያን ምሽት ሱቅ ነበርኩ። ጎረቤቶቼን ጠይቂ» አለ።

«ጠይቄአለሁ። አንተ ኢንተርኔቱን መቼ ነው የምትጠቀመው?»

«ጠዋት። ከሰዓት በኋላና ማታ ሱቅ ነኝ።»

«የራውተሩን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አለ እምሩ፤ ድምፁ ዝቅ አለ።

አባትየው አቶ ደበሳይ ሳሎን ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱን ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ፣ በሠፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የት ነው?»

«ለሠርክ ጸሎት ወደ ጊዮርጊስ ስወጣ ክፍሉ ውስጥ ነበር። መሰላል ማውጣቱን አላውቅም።»

ለተክርስቶስ ወደ ጓሮ ወጣች። መሰላሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ጓጉንቸር ተከፍቷል እንጂ አልተሰበረም። ዳናይትን ጠርታ ጠየቀቻት።

«ቁልፉ አንድ ብቻ ነው» አለች ዳናይት። «ዕቃ ከተሰረቀብን ወዲህ ከአባዬ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ የተከፈተውን ጓጉንቸር ለረጅም ጊዜ አየችው። ያኔ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ብትሄድ ደስ ይላት ነበር።

አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያብለጨልጫል።

«መስመሩ አልተቆረጠም ነበር» ብላ ጀመረች። «ዳናይት ስትገባ ስልኳ ሠርቷል። የውጪው ገመድ ደህና ነው ማለት ነው። መሓሪም በገመድ ተገናኝቶ እንኳ አልሆነለትም፤ ስለዚህ ዋይፋዩም አይደለም። የሚቋረጠው የእሱ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ እሱም ማታ ብቻ። እምሩ፣ እባክህ ራውተሩን ክፈትና አሳየን።»

እምሩ ላፕቶፑን ከፈተ። በስክሪኑ ላይ የመሓሪ ኮምፒውተር ስም ወጣ፤ ከምሽት እስከ ንጋት የተከለከለ።

«አንተ ነህ!» አማኑ ተነሳበት።

«ቁጭ በል» አለችው ለተክርስቶስ። «እጁ የእሱ ነው። ግን ምን ይጠቅመዋል? መስመሩ ለራሱ እንዲፈጥንለት ቢፈልግ ጠዋት ይዘጋበት ነበር። ማታ እሱ ቤት የለም። ይህ ሰዓት የተመረጠው ልጁ እንዲተኛ በሚፈልግ ሰው ነው። እምሩ፣ ማን ለመነህ?»

እምሩ ላፕቶፑን ገፋ አደረገው። ዓይኑ አቶ ደበሳይ ወደተቀመጡበት ሶፋ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ደበሳይ።

ዳናይት ወደ አባቷ ዞረች።

«ሌሊቱን ሙሉ ያፈጣል። ዓይኑ ቀላ፣ ከሳ፣ ትምህርቱን ተወ። ብመክረው አልሰማ አለ። እምሩን ለምኜ አስዘጋሁበት። ‹ቢጠይቅህ የውጪ ብልሽት ነው በለው› ያልኩትም እኔው ነኝ።»

«ዕቃ ቤቱንም የከፈቱለት እርስዎ ነዎት» አለች ለተክርስቶስ ቀስ ብላ።

«አዎ። ‹አባዬ፣ መሰላሉን ያዝልኝ› አለኝ። የሚይዝለት ካጣ አይወጣም ብዬ፣ ሠርክ ደርሷል ብዬው ሄድኩ።»

«ጣሪያው ላይ ምንም እንደሌለ ታውቅ ነበር!» ዳናይት ጮኸች። «አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ለምን አልነገርኸውም?»

«ይጠላኛል ብዬ ፈራሁ፣ ጓለይ» አሉ ሽማግሌው በእናታቸው ቋንቋ፤ ልጄ ማለታቸው ነበር።

አቶ ደበሳይ ተነስተው ሁለት እጃቸውን ወደ ለተክርስቶስ ዘረጉ። «እሰሪኝ።»

በሥራ ዘመኗ እጅ የዘረጉላት ጥቂት ናቸው፤ እንዲህ የለመናት ግን አልነበረም። «የሰማሁትን ሁሉ ለዐቃቤ ሕግ አቀርባለሁ» አለች። «ዛሬ ግን የማስርበት ምክንያት የለኝም፣ አባቴ።» እጃቸውን ይዛ ወደ ታች አወረደችው። ከዚያ በላይ ልታደርግላቸው የምትችለው ነገር አልነበረም። ዳናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እምሩ ክልከላውን ከስክሪኑ ላይ አነሳው፤ ለምን እንዳነሳው ግን ራሱም አላወቀም።

ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ የሥላሴ ሠፈር ዘመዶች ነበሩ። ጥቁር የለበሱት ዓለምጸሃይ የተባሉ አሮጊት ቀድመው ገብተው አቶ ደበሳይን አቀፏቸው።

«አይዞህ፣ ወንድሜ» አሏቸው እያለቀሱ። «እግዚአብሔር ያጽናህ። አንተ ምን ማድረግ ትችል ነበር?»